አስራ አንደኛው ላሜራ

ሦስተኛው ቡጢ ዝምታው የሚሉትን ልጅ ከንፈሩ ላይ አገኘው። ደሙ በአገጩ ወርዶ የሰማያዊ ቱታውን ኮሌታ አቀለመው፤ እሱ ግን እጁን እንኳ አላነሳም። ከወርክሾፑ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆመ።

«አልነካሁም» አለ።

«ውሸታም!» ቁንዶ አራተኛውን ሆዱ ላይ አሳረፈችው። «የወንድሜ ሁለት ጣት ተቆርጧል፣ ሁለት! አንተ አልነካሁም ትለኛለህ?»

ቁንዶ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በቁመት ታንሳለች። ቅጽል ስሟን ያወጣላት ራሱ ወንድሟ ነው፣ ትንሽ ናት ግን ታቃጥላለች ብሎ። ዛሬ ስታቃጥል የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ በሙሉ ክብ ሠርቶ ያያል። አንዱ «ኧረ ገላግሏቸው!» ይላል፤ እሱ ራሱ ግን አይገባም። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሰው ሲመታ ማየት የማይወድ ስንት ሰው እንዳለ እንጃ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ግን አንድም አልነበረም።

ንቢት ከሁሉም ፊት ነበረች። ሥራ ሲጥማት እንደ ንብ ስለምታንጎራጉር ነው ስሙ የወጣላት፤ ከአደጋው ወዲህ ግን ስድስት ቀን ሙሉ ድምጿ ጠፍቷል። ቁንዶ የልብ ጓደኛዋ ናት፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። መገላገል የነበረባት እሷ ነበረች። እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ዝምታው ግድግዳውን ተንሸራትቶ ቁጢጥ አለ። ቁንዶ ፊቱን ልትረግጥ ጫማዋን አነሳች።

«እግርሽን! እግርሽን አውርጂ ነው የምልሽ!»

የወርክሾፕ መምህራቸው ጋሽ ፊውዝ ነበሩ። ቶሎ ስለሚቃጠሉ ነው ይህ ስም የወጣላቸው፤ ፊት ለፊት ግን «ቲቸር» ነው የሚባሉት። ክቡን በክርናቸው ጥሰው ገቡና ቁንዶን ከወገቧ አንስተው እንደ ከረጢት ወደ ጎን አስቀመጧት። ከዚያ ዝምታውን አዩት፣ ፊታቸው ጠቆረ። «ሂድ ታጠብ ልጄ» አሉት ዝግ ብለው። «ከምሳ በኋላ ኮሚቴው ይጠራሃል።»

ልጆቹ ሲበተኑ ቁንዶ የቀኝ እጇን እያሻሸች ንቢት አጠገብ መጣች። የጣቶቿ አንጓ ተልጧል። «ዛሬ ይባረራል» አለች፣ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። «ቢባረርም አይቀርለትም። የወንድሜ የኳስ ቡድን ልጆች ሦስት ሆነው በር ላይ ቆመዋል። ብረት ይዘዋል። እጁን ነው የሚሰብሩለት።»

«ቁንዶ...»

«ምን? አሳዘነሽ እንዴ? አትቀልጂ! ወንድሜ በረኛ ነው እኮ። ሦስት ጣት የቀረው በረኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ንቢት ዓይኗን ወደ ወርክሾፑ በር መለሰች።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ተማሪዎቹ ጉልቤ የሚሉት አንድ አሮጌ መብሻ ማሽን አለ። የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ላሜራ ከሥሩ ታስገባለህ፣ አረንጓዴውን ማብሪያ ስትጫን የብረት ክንዱ በአየር ግፊት ይወርድና ይበሳዋል። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ያስገባል ያወጣል፣ አንዱ አረንጓዴውን ይጫናል። ለእያንዳንዱ ጥንድ የሚታደለው አስር ላሜራ ነው። አስሩ ሲያልቅ ማሽኑ ይጠፋል፣ ተረኛው ገብቶ ያበራዋል። ሁልጊዜ አስር። አስራ አንደኛ የበሳ ሰው አልነበረም።

የዚያን ቀን የቁንዶ ወንድም እያስገባ፣ ዝምታው እየተጫነ አስሩን ጨረሱ። ማሽኑን ሊያጠፉት ሲሉ ግን አንድ ትርፍ ላሜራ ወለሉ ላይ ተገኘ። ወንድሟ አንስቶ አስገባው፣ ዝምታው ተጫነ፣ ጉልቤ ወረደ፣ በሳ፣ ወደ ላይ ተመለሰ። ልጁ ላሜራውን ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ጉልቤ ያኔ እንደገና ወረደ።

ጩኸቱ ከአጥንቱ ድምፅ በኋላ ነው የመጣው። ደሙ ላሜራውን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ በመዳፉ መትቶ ክንዱን ያስነሳው ዝምታው ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላስታወሰለትም። የማሽኑ የፊት በር ሲከፈት ኃይል የሚያቋርጥ ማብሪያ ነበረው፤ ከተሰበረ ሁለት ወር ሆኖታል። ሌላ እስኪመጣ ብለው ጋሽ ፊውዝ ሽቦውን በቀጥታ ቋጥረውት፣ ማሽኑ በሩ ተከፍቶም ይሠራ ነበር።

ዳይሬክተሩ በሩጫ መጥተው «ማን ተጫነው?» ሲሉ ቁንዶ አፏን ሞልታ መሰከረች። «ዝምታው ነው! አውራ ጣቱ አረንጓዴው ላይ ነበር፣ አይቻለሁ! ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

አላየችም። ንቢት አጠገቧ ነበረች፤ ቁንዶ በዚያች ቅጽበት ለመስኮቱ መስታወት ፊቷን ሰጥታ ፀጉሯን ስታስይዝ ነበር። ዳይሬክተሩ ወደ ንቢት ዞረው «አንቺስ?» ሲሏት፣ ንቢት «እኔ... እንጃ» አለች። እንጃ የምትባለው ቃል እንዴት ያለች ክፉ ናት! ማንንም ሳትሰድብ ሰው ላይ ታስፈርዳለች።

ዝምታው ደግሞ ከአልነካሁም ሌላ ቃል አልወጣውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሱን ግን ዝምታው ራሱ በላው።

አሁን ወርክሾፑ ለምሳ ተዘግቶ ነበር። ንቢት ጋሽ ፊውዝን የመምህራን ክፍል በር ላይ አገኘቻቸው።

«ቲቸር፣ የወርክሾፑን ቁልፍ ይስጡኝ።»

ለወትሮው ቢሆን «ለምን?» ብለው ይጮሁባት ነበር። ዛሬ ትክ ብለው አዩዋት። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና መዳፏ ላይ አኖሩት። «እጅሽን ከሥሩ እንዳታስገቢ» አሉና ወደ ውስጥ ተመለሱ።

ጉልቤን የሚያዘው ፒኤልሲ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ ግድግዳው ላይ ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ። በውስጡ ያለውን ፕሮግራም የጻፉት ንቢትና ቁንዶ ናቸው። በመንፈቅ ዓመቱ ውድድር አንደኛ የወጣው የነሱ ነበር። በሽልማቱም ንቢት ክረምቱን ጠርሙስ ፋብሪካ እንድትለማመድ ተመርጣለች። ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልኬት ሊሰጥ የመጣ ሰው ሁሉ የደብዳቤውን ወሬ ሳይሰማ አይወጣም።

ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር አገናኘች። ጋሽ ፊውዝ በመጀመሪያው ቀን ያሉት ጆሮዋ ላይ መጣ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ባለ ብዙ መሳቢያ የብሎን ቁም ሳጥን በመዶሻ እየጠቆሙ ነበር ያስተማሯቸው።

«የፒኤልሲ ዳታ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ቁጥር በተጻፈበት መሳቢያ ነው» ብለው ነበር። «ጠቋሚ ደግሞ እንደ ጣቴ ነው። ጣቴ ብሎን አይደለም፤ ብሎኑ ያለበትን መሳቢያ ነው የሚያሳየው። ጣታችሁ የሰው መሳቢያ ላይ ካረፈ የሰው ዕቃ ታበላሻላችሁ። ማሽኑ "ይቅርታ፣ ተሳስተዋል" አይላችሁም! ያዘዛችሁትን ይጽፋል።» መዶሻውን ቁም ሳጥኑ ላይ ሲያሳርፉት ክፍሉ በሙሉ ዘለለ። «ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ጣታችሁ ከአጥሩ፣ ከተመደበላችሁ መሳቢያዎች፣ ውስጥ መሆኑን እዩ። ኃይል ሲመጣ መጀመሪያ ጣቱን ወደ ቤቱ፣ ወደ መጀመሪያው መሳቢያ፣ መልሱ። ሰው የሚጎዳ ትእዛዝ ያለበትን መሳቢያ ከነዚያ መሳቢያዎች አጠገብ አታስቀምጡ፣ መሀሉን ባዶ ተዉ። መሳቢያ የሚቆጠረው ከዜሮ ነው፤ አስር መሳቢያ ካላችሁ የመጨረሻው ዘጠኝ ነው። ያልገባው እጁን ያውጣ፣ እጅ እያለው!»

ያኔ ሁሉም ስቆ ነበር። ንቢትም ስቃ ነበር።

የነሱ ፕሮግራም ብረቱ ለመውረድና ለመውጣት የፈጀበትን ጊዜ፣ ብረቱ ወደ ላይ በተመለሰ ቁጥር ይመዘግባል። ለዚህ አስር መሳቢያ ሰጥተውታል፣ ከመቶ እስከ መቶ ዘጠኝ። ጠቋሚው ከዜሮ፣ ማለትም ከመቶኛው መሳቢያ፣ ተነስቶ አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል፣ ሲጨርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከኃይል በኋላ ወደ ቤቱ መመለሱን አልረሱም፣ ለዚህ ነው ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምረው። መቶ አስረኛው መሳቢያ ደግሞ «ውረድ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ዜሮ ካልሆነ ጉልቤ ይወርዳል። መሀል ላይ ባዶ መሳቢያ አልተዉም። ያን ቀን ቸኩለው ነበር።

ንቢት በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። ያቺን መስመር ስታገኛት ጣቷ ቆመ። *ጠቋሚው ከአስር ሲበልጥ ወደ ዜሮ መልስ።* «ሲበልጥ» ነበር የጻፈችው። «አስር ሲደርስ» መሆን ነበረበት። ስድስት ቀን ሙሉ ይህን መስመር ላለማየት ስትሸሽ ነበር፤ ከአደጋው ቀን አንስቶ አስራ አንድ የሚለውን ቁጥር በሰማች ቁጥር ደረቷን ይወጋት ነበር።

ግን ማወቅና ማየት ይለያያሉ። የመጥረጊያ እንጨት አነሳች፣ ማሽኑን አበራች፣ ላሜራ አስገባች። በግራ እጇ አረንጓዴውን እየተጫነች የተበሳውን በእንጨቱ ጫፍ ትገፋ ጀመር። አንድ። ሁለት። ጉልቤ በወረደ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሰባት። ስምንት። «እባክህ» አለች ሳታስበው፣ ለማሽን! አስር። ምንም የለም። አስራ አንደኛውን አስገባች፣ ተጫነች፣ ወዲያው ግራ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ብረቱ ወረደ፣ በሳ፣ ተመለሰ። እንጨቱን ሰደደችው።

ጉልቤ ተወርውሮ ወረደ። እንጨቱ እንደ ተኩስ ጮኾ ለሁለት ተሰበረ፤ ስንጥሩ ተፈናጥሮ ጉንጯን ቀደዳት። ደሟ አንገቷ ላይ ሲሞቃት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን ነካሽበት?»

ቁንዶ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ንቢት አላወቀችም።

«ምንም። እጄ ይኸው።»

«ሁለት ጊዜ ተጭነሽ ነው።»

«አንድ ጊዜ። ነይ እዪው።» ንቢት ላፕቶፑን አዞረችላት። «አስራ አንደኛው ላይ ጠቋሚው ከአጥሩ ይወጣል፣ "ውረድ" የሚለው መሳቢያ ላይ ይጽፋል። ዝምታው አልነካም። ስህተቱ የኔ ነው፣ ይህን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቁንዶ መስመሩን አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ መታቻት። ንቢት ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች፣ ላሜራዎቹ ተንኳኩተው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሁለተኛው ቡጢ ጆሮ ግንዷ ላይ፣ ሦስተኛው ትከሻዋ ላይ። «አንቺ! አንቺ ነሽ! ስድስት ቀን አብረሽኝ ሆስፒታል ስትመላለሺ! ከወንድሜ ጋር ስታለቅሺ!» ንቢት እጇን አላነሳችም። ዝምታው ለምን እንዳላነሳ አሁን ገባት፤ ሰው ሲመታህ የምትለው ነገር ከሌለህ እጅህም ሥራ ያጣል።

በድንገት ቁንዶ ቆመች። የተነሳው እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አስራ አንደኛው ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

ቁንዶ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ከኪሷ ቁልፏን አወጣች። ቁልፉ ላይ ቁራጭ ላሜራ ተንጠልጥሏል፣ መሀሉ ተበስቶ። ጠርዙ ላይ የደረቀ ደም አለ፣ አላጠበችውም። «እኔ ነኝ አስራ አንደኛ ያስበሳሁት» አለች። ድምጿ የቁንዶ አይመስልም። «ወንድሜ ማሽኑን ሊያጠፋው ሲል፣ ለቁልፌ አንድ ብሳልኝ አልኩት። "ተይ ባክሽ ደክሞኛል" አለኝ። "ንፉግ!" አልኩት። ሳቀብኝና አነሳው።»

ሁለቱም አለቀሱ፣ ለየብቻቸው። አንዷ ከጠረጴዛው በላይ፣ አንዷ ከጠረጴዛው በታች።

ቆይቶ ቁንዶ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አስተካክዪው» አለች። «አንድ ቃል አይደለች? አሁኑኑ ለውጫት። ማንም አያውቅም። አንቺም ፋብሪካሽ ትገቢያለሽ። ወንድሜም... እኔ እንዳስጨመርኩት ረስቶታል። ካስታወሰ ዓይኔን ማየት አይፈልግም።»

«ዝምታውስ?»

ቁንዶ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። «እሱ... ሌላ ትምህርት ቤት ይገባል።»

«በር ላይ ያሉትስ?»

ቁንዶ ቁልፏን ኪሷ ውስጥ መለሰች።

ንቢት እጇን የላፕቶፑ ፊደላት ላይ አደረገች። እውነት ነው፣ አንድ ቃል ናት። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። እናቷን አሰበች፣ መቀሷን ይዛ ለደንበኛ «ልጄ እኮ» ስትል። ከዚያ ዝምታው ቁጢጥ ብሎ፣ ደሙ በአገጩ ሲወርድ ታያት። አንጀቷን በላት። ላፕቶፑን እንዳለ ዘጋችው።

«ብትናገሪ» አለች ቁንዶ ቀና ሳትል፣ «ጓደኛዬ አይደለሽም።»

«አውቃለሁ» አለች ንቢት። ስትለው ከቡጢው ሁሉ ይልቅ ይህ አመማት።

ላፕቶፑንና የተሰበረውን እንጨት ይዛ ወጣች።

የዳይሬክተሩ ቢሮ ኮሪደር ላይ ዝምታው ብቻውን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጦ ፊቱን ወደ አንድ ጎን ወስዶታል። ንቢትን ሲያያት ቦታ ለቀቀላት፣ የበለዘ ጉንጯንም አየው።

«ቁንዶ ናት?»

ራሷን ነቀነቀች።

«በቀኝ ነው በግራ?»

«በቀኝ።»

«ተመስገን በይ። ግራዋ ይብሳል።»

ንቢት ሳታስበው ሳቀች፣ ስንጥቁ ጉንጯን አቃጠላት። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ሲማሩ ከዚህ ልጅ ይህን ያህል ቃል ሰምታ አታውቅም። «ይቅርታ» ልትለው ፈለገች፤ ግን እዚህ፣ ለብቻው፣ በጆሮው ማለት የሌባ ይቅርታ ሆነባት።

ከኮሪደሩ መስኮት የግቢው በር ይታያል። ሦስቱ ልጆች እዚያው ናቸው፣ አንዱ የብረት ቱቦውን በእግሩ ያንከባልላል። ያኔ ንቢት አንዲት አጭር ልጅ ግቢውን በሩጫ ስታቋርጥ አየች። ቁንዶ ልጆቹ ፊት ደርሳ ቆመች። የምትለው አይሰማም። ቱቦ የያዘው ሊያልፋት ሲሞክር ደረቱን በሁለት እጇ ገፋችው። እሱም ገፋት፣ ወደቀች፣ ተነሳች። ከዚያ እንደ በረኛው ወንድሟ ሁለት እጇን ዘርግታ በሩ መሀል ቆመች።

የቢሮው በር ተከፈተ። «ተከሳሹ ይግባ» አለች ጸሐፊዋ።

ዝምታው ሊነሳ ሲል ንቢት ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። «እኔ ልቅደም» አለች።

ውስጥ አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ተቀምጧል። ጋሽ ፊውዝ ጥግ ላይ ናቸው፤ መዳፋቸው ላይ የተሰበረውን የማሽን በር ማብሪያ ይዘው አቀርቅረዋል፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺን ማን ጠራሽ?»

ንቢት ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የተሰበረውን እንጨት አጠገቡ አደረገች፣ ሁለቱንም ቁራጭ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የፋብሪካውን ደብዳቤ አወጣችና ከእንጨቱ ጎን አስቀመጠችው።